አስፈሪ መጽሐፍ ስናነብ የምንፈራው ማንን ነው?



አሜሪካ የምትኖሩ ወገኖች እንደምታውቁት፣ የኦክቶበር ወር ሲገባ የአገሩ መልክ ይለወጣል። ቅጠሉ ቀልቶ ይረግፋል፣ ቀኑ ያጥራል፣ በየደጃፉ ዓይንና ጥርስ የተቀረጸለት ዱባ ይቀመጣል። በቤተ መጻሕፍትና በመጻሕፍት መደብሮች ደግሞ የመናፍስት፣ የጠንቋዮችና የደም መጣጮች ታሪክ ከፊት ይደረደራል። ለእንግሊዝኛ አንባቢ ይህ ወቅት የአስፈሪ ልብ ወለድ ወቅት ነው። ልጆቻችንም እንዲህ ያለ መጽሐፍ በቦርሳቸው ይዘው ቤት ይገባሉ፤ አንዳንዴ መምህር ያዘዘው ነው፣ አንዳንዴ ጓደኛ ያዋሳቸው ነው።

ከዚያ ጥያቄው ይነሣል፦ "ይህን ማንበብ ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም?" በአማኞች መካከል ሁለት መልሶች ይሰማሉ። አንደኛው፣ "ልብ ወለድ አይደል እንዴ? ምን ያደርጋል? አታካብዱት" የሚል ነው። ሁለተኛው፣ "ይህ የዲያብሎስ ነገር ከቤቴ ይውጣልኝ" የሚል ነው። የመጀመሪያው መልስ ለልጁ ምንም አያስተምረውም። ሁለተኛው ደግሞ ልጁ ማንበቡን ከማስተው ይልቅ ማንበቡን ሊያስደብቀው ይችላል። እኛ ሌላ መንገድ አለ እንላለን። "አስፈሪ ነው ወይ?" ብለን ብቻ አንቁም። "ይህ መጽሐፍ ማንን እንድንፈራ ያደርገናል? ፍርሃታችንንስ ወዴት ይወስደዋል?" ብለን እንጠይቅ።

ለእኛ ጨዋታ ብቻ አይደለም

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው መናፍስትን በፊልምና በመጽሐፍ ብቻ ያውቃቸው ይሆናል። ከእኛ መካከል ግን ብዙዎች ከቤታቸው ያውቋቸዋል። ዛር የሚወርድባት እናት፣ ውቃቢ ተቆጣ ተብሎ የሚታረድ ዶሮ፣ በልጅ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ክታብ፣ ጠንቋይ ቤት የሚቆጠር ገንዘብ፤ እነዚህ ለብዙ ወገኖቻችን ተረት ሳይሆኑ ጌታ በኃይሉ ያወጣቸው የእስራት ቤት ናቸው። ስለዚህ አንድ እናት የጠንቋይ ሥዕል ያለበትን መጽሐፍ አይታ ብትደነግጥ "ኋላ ቀር" ብለን አንሳቅባት። ከምን እንደ ወጣች የምታውቀው እርሷ ናት። የእግዚአብሔርም ቃል በዘዳግም 18 ሟርትን፣ አስማትንና ሙታን መጥራትን በግልጽ ይከለክላል፤ ይህ ለድርድር የሚቀርብ ነገር አይደለም።

ነገር ግን አስፈሪ ታሪክ ከፈረንጅ የመጣ እንግዳ አለመሆኑንም እናስታውስ። በክረምት ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን፣ ሌሊት ሌሊት ጅብ ስለሚሆን ሰው እየሰማን ያደግን ብዙዎች ነን። ያ ታሪክ በምድራችን ላይ ምን አደረገ? ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቤተ እስራኤሎችን "ቡዳ" አሰኘ። ሰው ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ገበታ እንዳይቀርብ፣ እንዳይጋባ አደረገ። ልጅ ሲታመም ጣት የሚቀሰረው በእነርሱ ላይ ነበር። ታሪኩን ስንሰማ ለጥቂት ደቂቃ ተንቀጥቅጠን እንተኛ ይሆናል፤ ቡዳ የተባለው ሰው ግን ዕድሜውን ሙሉ ከፈለበት። እንግዲህ የታሪክ ክፋቱ የሚለካው በማስደንገጡ መጠን ብቻ አይደለም። ባልንጀራን እንድንወድ የታዘዝን ሰዎች ባልንጀራችንን እንድንፈራ የሚያደርገን ታሪክ፣ ደም ባይፈስበትም መርዝ ነው።

ሁለት አስፈሪ ሌሊቶች

መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ከሚያስፈራ ታሪክ የጸዳ አይደለም። ኤልፋዝ በኢዮብ ምዕራፍ 4 በሌሊት በፊቱ ስላለፈ መንፈስና ስለ ቆመው ጠጉሩ ይናገራል። በዳንኤል ምዕራፍ 5 የሰው እጅ ጣቶች ብቻ መጥተው በግድግዳ ላይ ሲጽፉ የንጉሡ ጉልበት ይብረከረካል። እነዚህን ምዕራፎች ለልጆቻችን አንዘልላቸውም፤ ደግሞም መዝለል የለብንም።

ሁለት ሌሊቶችን ብቻ እናነጻጽር። በ1ኛ ሳሙኤል 28 ሳኦል ልብሱን ለውጦ በሌሊት ወደ ዓይንዶር ይሄዳል። እግዚአብሔርን አልሰማም ብሎ የነበረ ሰው አሁን ከሙታን መስማት ይፈልጋል። የሄደው ከፍርሃቱ ለማረፍ ነበር፤ ነገር ግን ከፊተኛው በባሰ ፍርሃት በምድር ላይ ተዘረረ። በማቴዎስ 14 ደግሞ ደቀ መዛሙርቱ በሌሊት፣ በማዕበል መካከል፣ በባሕር ላይ የሚራመድ ነገር አይተው ምትሐት ነው ብለው ጮኹ። ወደ እነርሱ የመጣው ግን ጌታ ነበር፤ ድምፁንም ሰሙና ጸኑ። ሁለቱም ሌሊት ያስፈራል። አንዱ ፍርሃት ሰውን ወደ ሙታን ጠሪ ቤት ወሰደው፤ ሌላው በጌታ እግር ሥር በስግደት ተፈጸመ። አስፈሪ መጽሐፍ ባነሣን ቁጥር ይህን ልዩነት ብናስታውስ መልካም ነው።

አሁን በዚህ ወቅት ከመደርደሪያ የማይጠፉ ጥቂት መጻሕፍትን በዚህ ዓይን እንያቸው። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሚያስጠነቅቅ ፍርሃት

እንግሊዛዊው ደብልዩ ደብልዩ ጃኮብስ በ1902 ያሳተመው "የጦጣዋ መዳፍ" የሚባል አጭር ታሪክ አለ። ከሕንድ የተመለሰ ወታደር የደረቀ የጦጣ መዳፍ ለአንድ ቤተሰብ ያሳያል፤ መዳፉ ሦስት ምኞት ይፈጽማል ይባላል። ወታደሩ ራሱ እሳት ውስጥ ሲጥለው የቤቱ አባት ያወጣዋል። ከዚያም የቤታቸውን ዕዳ የሚዘጋ 200 ፓውንድ ይመኛል። በማግስቱ አንድ ልጃቸው በሚሠራበት ፋብሪካ ማሽን ውስጥ ገብቶ መሞቱን የሚናገር ሰው ይመጣል፤ ድርጅቱ ለቤተሰቡ የሚሰጠው ካሣ ደግሞ 200 ፓውንድ ነው። ታሪኩ በዚህ አያበቃም። እናቲቱ በሁለተኛው ምኞት የሞተው ልጇ እንዲመለስ ታስደርጋለች፤ በሌሊትም በሩ ይንኳኳል።

ይህ ታሪክ ያስፈራል፤ እኛ ግን መጥፎ ታሪክ ነው አንልም። ክታብ ያሰረ፣ ለገንዘብና ለቤት ብሎ ጠንቋይ ደጅ የጠና ሰው ካለ፣ ከብዙ ስብከት በላይ ልቡን ሊነካው ይችላል። በአስማት የሚገኝ ነገር ዋጋው ከየት እንደሚወጣ ያሳያልና። እዚህም የቤት ዕዳ የሚከፍል አባት ሁሉ የሚያውቀው ጭንቀት በውስጡ አለ። መዳፉን እንድንፈራው እንጂ እንድንመኘው አያደርገንም። ይህ ጤናማ ፍርሃት ነው።

የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን "ዶክተር ጄኪልና ሚስተር ሃይድ" በ1886 ታተመ። ስቲቨንሰን ያደገው በኤድንብራ በጥብቅ የፕሬስቢቴሪያን ቤት ውስጥ ነበር። የተከበረው ሐኪም ጄኪል ክፉ ማንነቱን በመድኃኒት ለይቶ፣ ሃይድ በሚባል ሰው መልክ በሌሊት ያሰማራዋል። በፈለግሁ ሰዓት ልተወው እችላለሁ ብሎ ለወዳጁ ያረጋግጥለታል። አንድ ጠዋት ግን መድኃኒቱን ሳይወስድ ሃይድ ሆኖ ይነቃል። በዮሐንስ 8 ጌታ ኃጢአትን የሚያደርግ የኃጢአት ባሪያ መሆኑን ያስተማረውን ለአንድ ወጣት ለማስረዳት የሚፈልግ፣ ከዚህ የቀረበ ሥዕል በቀላሉ አያገኝም። እሑድ እሑድ የሚዘምር፣ ሌሊት ግን ስልኩን ይዞ ሌላ ሰው የሚሆን ወንድም ይህን ሲያነብ የሚፈራው ውጭ ያለውን ጭራቅ አይደለም። ነገር ግን መጽሐፉ በተስፋ መቁረጥ ይዘጋል፤ ጄኪልን የሚያድን የለም። ሮሜ 7 ተነብቦ ሮሜ 8 እንደ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ልጆቻችን ይህን ቢያነቡ ሮሜ 8ን የሚጨምርላቸው ሰው አጠገባቸው ያስፈልጋል።

የሞተ ሰው ቢመጣ

የቻርልስ ዲክንስ "የገና መዝሙር" በ1843 ለገና የወጣ ቢሆንም የመንፈስ ታሪክ ነው። ገንዘብ ወዳዱ ስክሩጅ የሞተ የንግድ ሸሪኩን የማርሊን መንፈስ ያያል። ማርሊ የሚጎትተው ሰንሰለት ከገንዘብ ሣጥን፣ ከቁልፍና ከሒሳብ መዝገብ የተሠራ ነው፤ በሕይወቱ ሳለ ራሱ የሠራው ሰንሰለት ነው። ስክሩጅ በዚያ ሌሊት ባየው ነገር ይለወጣል፤ ለድኻም እጁን ይዘረጋል።

ይህ መጽሐፍ ብዙዎቻችን ሳንጨነቅ ለልጆቻችን የምንሰጠው ነው። ቢሆንም ከሉቃስ 16 ጋር አጠገብ ለአጠገብ አድርገን እናንብበው። በዚያ ምዕራፍ ያለው ባለጠጋ በሥቃይ ቦታ ሆኖ፣ አልዓዛር ከሙታን ተነሥቶ አምስት ወንድሞቹን እንዲያስጠነቅቅ ይለምናል። አብርሃም ግን ሙሴና ነቢያት አሏቸው ብሎ ይመልስለታል፤ እነርሱን ካልሰሙ የተነሣ ሙትም አያሳምናቸውም። ዲክንስ አብርሃም የከለከለውን መልእክተኛ በልብ ወለድ ላከው። ታሪኩ መልካም ነው፤ ርኅራኄንም ያስተምራል። እኛ ግን ንስሐ ለመግባት ሙት እንዲመጣልን አንጠብቅም። በእጃችን ያለው ቃል ይበቃል። በመካከላችን በሕልምና በራእይ ብቻ ካልሆነ አልመለስም የሚል ሰው ካለ፣ የባለጠጋውን ልመና እየደገመ መሆኑን ይወቅ።

ፍርሃት ሲሸጥ

የአየርላንዱ ተወላጅ ብራም ስቶከር በ1897 ባሳተመው "ድራኩላ" ክፋት ክፋት ነው፤ ሰዎች በኅብረት ሆነው ይቃወሙታል፣ አንዱ ለሌላው ዋጋ ይከፍላል። ይህን እናደንቃለን። የምንጠነቀቀው ሌላ ነገር አለ። በመጽሐፉ ውስጥ መስቀልና ቅዱስ ቁርባን ደም መጣጩን የሚያባርሩ መሣሪያዎች ናቸው፤ የያዛቸው ሰው እምነቱ ምንም ይሁን። ወገኖች ሆይ፣ ይህ አስተሳሰብ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ሌሊት እንዳይቃዥ መጽሐፍ ቅዱስን ትራስ ሥር አድርጎ የሚተኛ፣ ቀን ግን የማይገልጠው ሰው ክታቡን ቀየረ እንጂ አልተወም። በሐዋርያት ሥራ 19 የአስቄዋ ልጆች የኢየሱስን ስም እንደ ድግምት ሊጠቀሙበት ሞክረው ቆስለውና ራቁታቸውን ሸሹ። የጌታ ስም የሚያውቁት ሰዎች የሚጠሩት ስም ነው።

አሜሪካዊው ዋሽንግተን ኧርቪንግ በ1820 ያሳተመው "የስሊፒ ሆሎው አፈ ታሪክ" ደግሞ ለዚህ ወቅት የተጻፈ ያህል ነው። ኢካቦድ ክሬን የሚባል መምህር የጠንቋይ ታሪክ ማንበብና መስማት ይወዳል፤ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን ቁጥቋጦው ሁሉ መንፈስ ይመስለዋል። አንድ ሌሊት ራስ የሌለው ፈረሰኛ ያሳድደዋል። በማግስቱ የተገኘው ባርኔጣውና የተፈረከሰ ዱባ ነው። ለአንዲት ልጃገረድ ከእርሱ ጋር ይፎካከር የነበረው ጎረምሳ የዱባው ነገር በተነሣ ቁጥር ይስቃል። ደራሲው በግልጽ ባይነግረንም እንረዳዋለን፦ የመምህሩን ፍርሃት ያወቀ ሰው በፍርሃቱ ነዳው።

ይህን ስናነብ ልንስቅ እንችላለን፤ ነገር ግን ዛሬም በመካከላችን የሰውን ፍርሃት አውቀው የሚነዱ አሉ። "መተት ተደርጎብሃል"፣ "ከቤተሰብሽ አንድ ሰው በጨለማ ይዞሻል" ብለው፣ ከዚያ የጸሎት ዘይት ወይም ስጦታ የሚጠይቁ። ሃሎዊን የሚከበርበት ኦክቶበር 31 ለእኛ ለወንጌላውያን ሌላ ትርጉም አለው። በ1517 በዚያ ቀን ማርቲን ሉተር 95 ነጥቦቹን ለሊቀ ጳጳሱ ላከ። የተቃወመውም ነገር ከፍርሃት ጋር የተያያዘ ነበር፤ ለራሳቸውና ለሞቱ ዘመዶቻቸው ነፍስ የሚፈሩ ሰዎች በገንዘብ የስርየት ደብዳቤ ይገዙ ነበር። ተሐድሶው የጀመረው ፍርሃት በሚሸጥበት ገበያ ላይ በተነሣ ድምፅ ነው። ልጆቻችንን ከዱባ የምንጠብቅ ከሆነ፣ ከዚህ ገበያ ደግሞ ይበልጥ እንጠብቃቸው።

እምቢ የምንለው

ታዲያ ሁሉም ይነበብ ማለታችን ነው? አይደለም። አንደኛ፣ ታሪክ መስሎ ልምምድ የሚያስተምር መጽሐፍ አለ፤ እንዴት ሟርት እንደሚጣል፣ ሙታን እንዴት እንደሚጠሩ፣ ካርድ እንዴት እንደሚነበብ የሚያሳይ። ይህን እምቢ እንላለን። በኤፌሶን አማኞች ያቃጠሏቸው መጻሕፍት ዋጋቸው 50,000 ብር የሆነ የአስማት መጻሕፍት ነበሩ፤ ያቃጠሉትም የጎረቤታቸውን ሳይሆን የራሳቸውን ነው። ሁለተኛ፣ ክፋትን ጣፋጭ፣ ቅድስናን ሞኝነት የሚያደርግ መጽሐፍ አለ፤ አንባቢው ሲጨርስ ጨለማውን የሚናፍቅ ከሆነ ፊልጵስዩስ 4:8 መልሱን ይሰጠዋል። ሦስተኛ፣ የሰውን ሥቃይ ለደስታ ብቻ የሚያሳይ አለ፤ ይህም ልብን ያደነድናል።

አራተኛው ሕሊና ነው። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 8 ለጣዖት ስለ ተሠዋ ሥጋ ሲጽፍ፣ ጣዖት ምንም እንዳልሆነ ያውቃል፤ ሆኖም ከጣዖት የመጣውን ወንድም ሕሊና እንዳናቆስል ያዝዛል። ከዛር ቤት የወጣች እህት አጠገብ ተቀምጠን ስለ መናፍስት ልብ ወለድ በሳቅ አናውራ። መብታችን ቢሆንም ፍቅር አይደለም። እርሷም በበኩሏ በእምነት የሚያነብበውን አትኮንነው።

አባትና ልጅ በቤተ መጻሕፍት

አሜሪካዊው ሬይ ብራድበሪ በ1962 ባሳተመው ልብ ወለድ፣ በኦክቶበር መጨረሻ አንድ የጨለማ ካርኒቫል ወደ ትንሽ ከተማ ይመጣል። ለሰዎች የናፈቁትን ያቀርባል፤ ለሽማግሌው ወጣትነት፣ ለልጁ ጉልምስና። ሁለት ልጆች አደጋ ላይ ይወድቃሉ። የአንደኛው አባት የከተማው ቤተ መጻሕፍት የጽዳት ሠራተኛ ነው። ዕድሜዬ አልፏል፣ ለልጄ አልሆንም ብሎ የሚያዝን ሰው ነው። ነገር ግን ሌሊት በዚያ ቤተ መጻሕፍት ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ ያወራል፣ ይሰማቸዋል፤ በመጨረሻም ክፋቱን በሳቅና በፍቅር ያሸንፈዋል።

ሳቅ ብቻውን ዲያብሎስን ያሸንፋል ብለን አናምንም፤ በቆላስይስ 2 እንደ ተጻፈው አለቆችንና ሥልጣናትን በመስቀል ድል የነሣቸው ክርስቶስ ነው። ቢሆንም ይህ አባት ለእኛ መልእክት አለው። ሁለት ሥራ ሠርታችሁ በሌሊት የምትገቡ፣ ታክሲ የምትነዱ፣ ሕንጻ የምታጸዱ፣ እንግሊዝኛዬ ለልጄ መጽሐፍ አይበቃም የምትሉ አባቶችና እናቶች ሆይ፣ ልጃችሁ ከእናንተ የሚፈልገው የሥነ ጽሑፍ ትምህርት አይደለም። "ይህ መጽሐፍ ስለ ምን ነው? እስቲ ንገረኝ" በሉት። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይንገራችሁ። "ምኑ አስፈራህ? ክፉው በመጨረሻ ምን ሆነ? ማን አዳናቸው?" ብላችሁ ጠይቁት። እናንተም ጌታ ከምን እንዳወጣችሁ ንገሩት። ዛር የነበረበት ቤት ውስጥ ያደገች እናት ለልጇ የምታካፍለው ምስክርነት በየትኛውም መደርደሪያ ላይ አይገኝም።

ልጁ ካነበበ በኋላ እንቅልፍ ከነሳው መጽሐፉን ያቁም፤ ይህ ሽንፈት አይደለም። አብራችሁ ጸልዩ፤ ዕብራውያን 2:14-15ን አንብቡለት። ጌታችን በሞቱ የሞትን ጌታ እንደሻረ፣ በፍርሃት የታሰሩትንም ነፃ እንዳወጣ በዚያ ተጽፏል። ልጆቻችን ይህን ካወቁ መጽሐፉን ሲዘጉ መብራቱንም ያለ ስጋት ያጠፋሉ።

ጌታ ቤታችሁን ይጠብቅ። አሜን።